የዱባ ፓይ ከነለውዙ፦ ታቹ ረጠበብኝ፣ ላዩ አረረብኝ

የማርቆሷ ጋጋሪ | ማክሰኞ ጥቅምት 4፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጭንቅ ላይ ነኝ፣ እስኪ ድረሱልኝ።

ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ቤቴ ውስጥ ዳቦና ኬክ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። ብዙ ዓመቴ ነው፣ ድፎም ቢሉኝ ቶርታም ቢሉኝ አላፍርም። ባለፈው እሑድ አንዲት ደንበኛዬ መጣችና "የዱባ ፓይ ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖራ የተመለሰች ሴት ናት። የተፈጨ ዱባ በስስ ሊጥ ላይ ተደርጎ የሚጋገር ጣፋጭ ነው፣ እዚያ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር በየቤቱ ይጋገራል አለችኝ፣ ሽታው ናፍቋታል። ከላዩ ደግሞ ቀጭ ቀጭ የሚል ለውዝ ይኑረው አለች። እኔ ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ "ምን ችግር አለው" ብዬ ቀብድ ተቀበልኩ። በሕይወቴ ፓይ ጋግሬ አላውቅም።

ዛሬ ሞከርኩት። ዱባውን እንደ ወጥ ከትፌ ቀቀልኩትና ፈጨሁት። 2 እንቁላል፣ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ወተት፣ ቀረፋ ጨመርኩ። ሊጡን በለጋ ቅቤ አሸሁት። ከዚያ ቆልቼ የፈተግኩትን ለውዝ ከስኳር ጋር ላዩ ላይ በትኜ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ሲወጣ ለውዙ ከሰል ሆኗል። ሥሩ እንደ ገንፎ ነው። መሃሉን በቢላ ስነካው ውሃ አቀረረ። ልጄ "እማ፣ ይኼ ሾርባ ነው ኬክ?" አለኝ። ባሌ ምንም አላለም፣ የባሰው እሱ ነው።

የምትፈልገው ለእሑድ ነው። ምን ይሻለኛል?

ጾሙን ለምትጠይቁኝ፦ የጽጌን አልጾምም፣ የፈቃድ ነውና። ረቡዕና ዓርብ ግን እጾማለሁ። ስለዚህ መቅመስ የምችለው ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ነው።

አያ ደምበጫ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ዱባ ወጥ ነው። በበርበሬ፣ በሽንኩርት፣ በእንጀራ። አበቃ። ዱባን በስኳር የሚበላ ሰው ነገ ሽሮን በአይስክሬም ይበላል።

ጣና ዳር | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

አይዞሽ እህቴ። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ኬክ ክፍል ነው የምሠራው፣ ይኼን ነገር በየዓመቱ ለእንግዳ እንጋግራለን። መጀመሪያ ጊዜ እኔም እንዳንቺው ሾርባ ነው ያወጣሁት።

ነገሩ የተበላሸው ገና ዱባውን ስትቀቅዪው ነው። ዱባ ራሱ ውሃ ነው። አንቺ ደግሞ ውሃ ላይ ውሃ ጨመርሽበት። አትቀቅዪው። ለሁለት ሰንጥቀሽ ፍሬውን አውጪ (እንዳትጥዪው፣ እመለስበታለሁ)። ልጣጩን ሳትነኪ የተሰነጠቀውን ፊት ወደ ታች ገልብጠሽ በ200 ዲግሪ ጥበሽው። ሹካ ያለ ትግል ሲገባበት አውጪው። የኛ ዱባ ትልቅ ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩዪ። ከዚያ ሥጋውን በማንኪያ ፍቀሽ ፍጪው። አሁን ዋናው ነገር መጣ፦ በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ቋጥረሽ ሳህን ላይ አንጠልጥለሽ አሳድሪው። ጠዋት ሳህኑ ውስጥ ያለውን ውሃ ስታዪ ትደነግጫለሽ። ያ ሁሉ ነው ዛሬ ሊጥሽ ላይ የተኛው።

ወተቱም እንደዚያው ነው። የነሱ አሠራር የቆርቆሮ ወተት ይላል አይደል? ያ ከውሃው ግማሽ የሚበልጠው ተንኖ የወጣለት ወተት ነው። አንቺ ጥሬውን ነው የደፋሽው። 3/4 ሊትር ወተት በሰፊ ድስት እያማሰልሽ ከግማሽ በታች እስኪወርድ አፍይው፣ 350 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን አቀዝቅዢው። ከለሩ ትንሽ ክሬም ይመስላል፣ አትፍሪ።

ልኩን ልንገርሽ። 23 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክብ መጋገሪያ፦ ተጨምቆ 425 ግራም ዱባ፣ ያ ወተት፣ 150 ግራም ስኳር፣ 2 እንቁላል። የአበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ 3 አድርጊው፣ ትንሽ ነው። 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንጥር ቅርንፉድ፣ ግማሽ ጨው። ቅርንፉዱን አታብዢ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል።

የሊጡንና የለውዙን ነገ እጽፋለሁ፣ ተረኛ ነኝ።

ቡሬ ተወልዶ ቨርጂኒያ | ማክሰኞ፣ ሌሊት 6፡15

አያ ደምበጫ፣ እኔም ስመጣ እንደርስዎ ነበርኩ። አሁን 14 ዓመቴ ነው፣ ኅዳር ሲመጣ እኔው ነኝ የምጋግረው። እዚህ አገር ዱባ በሊጥ ውስጥ ሲጋገር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እ.ኤ.አ. በ1796 በታተመ የምግብ መጽሐፍ ላይ አለ። የሚገርመው ዱባው ራሱ መነሻው አሜሪካ ነው። እኛ ጓሮ የደረሰው በኋላ ነው። እና ዱባን በስኳር መብላት ነውር ከሆነ፣ ባለቤቶቹ ናቸው የጀመሩት።

ጋጋሪዋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ ብዙ ሰው ዱባ ከርክሮ አይጋግርም። ቆርቆሮ ይከፍታል። የቆርቆሮው ዱባ ወፍራም ነው፣ ማንኪያ ያቆማል። አሠራሮቹ ሁሉ የተጻፉት ለእሱ ነው። ስለዚህ የጣና ዳርን የነጠላ ነገር አትናቂ። ልኩን የምታውቂው ማንኪያ ስታቆሚበት ነው። ካልቆመ ደግመሽ ጭመቂው።

ላዩ ላይ የሚደረገው እዚህ ፔካን የሚባል ነው፣ እኛ ጋ የለም። ግን በለውዝ ሠርቼ አውቃለሁ፣ እውነቱን ልናገር፣ የበለጠ ወደድኩት። እናቴ የመተከል ለውዝ በሰው ትልክልኝ ነበር።

የሞጣዋ እቴቴ | ረቡዕ ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1፡20

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እየነገርኳት ነው።

ሆድዬ፣ ሁላችሁም የምድጃውን ነገር ታወራላችሁ፣ ዱባው ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም። የዱባ ነገር ከጓሮ ይጀምራል። አሁን ገበያ የሚወጣው ብዙው ገና ለጋ ነው። ክረምቱ ዝናቡን አጠጥቶታል፣ ፀሐይ አልጠገበም። ለወጥ ይሆናል፣ ላንቺ ጣፋጭ ግን አይሆንም። ስትገዢ አንገቱን እዪ። እንጨት መስሎ የደረቀ ይሁን። ጥፍርሽን ልጣጩ ላይ ተጫኚ፣ ከበሳው ተዪው። አንሺው፣ ከመጠኑ ይልቅ ይክበድሽ። አንኳኪው፣ ከበሮ ይምሰልሽ። መሬት የተኛበት ጎኑ ነጭ ሳይሆን ቢጫ የሆነው የበሰለ ነው።

ደግሞ ያለፈው ዓመት ዱባ ቆጥ ላይ የከረመ ያለው ጎረቤት ካለሽ ለምነሽ ውሰጂ። የከረመ ዱባ ይጣፍጣል። እናቴ "ዱባ እንደ ሰው ነው፣ ቤት ሲለምድ ይለሰልሳል" ትል ነበር።

ፍሬውን አትጣዪ ያለው ልጅ ይባረክ።

የማርቆሷ ጋጋሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

እቴቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለርስዎም ለልጅዎም! ወጥቼ ሁለት ዱባ አንኳኩቼ መጣሁ። ሻጯ "ምነው፣ ሐብሐብ ነው እንዴ የምትገዢው?" አለችኝ። አንገቱ የደረቀው አንድ ብቻ ነበር። እሱን ወሰድኩ።

አሁን ኦቨን ውስጥ ነው። ቤቱ ሽታው ሌላ ነው፣ የተቀቀለ ዱባ እንዲህ አይሸትም። ጠርዙ ቡኒ ሆኖ ማር የመሰለ ነገር አንጠብጥቧል። እጄን ልልሰው ስል ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ። አሁን ያለ ቅቤ ያለ እንቁላል ነው፣ ዱባ ብቻ ነው፣ ግን ገና ሰዓቱ አልደረሰም።

ጮቄ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ እዚያው ማርቆስ። ስለ ጋገራ የማውቀው መብላቱን ነው። ስለ ሙቀት ግን አንድ ነገር ልጨምር።

ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ነው። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባሕር ዳር ዝቅ ስለሚል 94 ገደማ ነው። ከውጭ የሚመጣ አሠራር ግን የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ሰው ነው። እንቁላል ያለበት ነገር ቀስ ብሎ ነው እኛ ጋ የሚረጋው። ስለዚህ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጨምሪለት እንጂ እሳቱን ከፍ አታድርጊው።

"ውሃ አቀረረ" ያልሽው ደግሞ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ የዱባው ውሃ ነው። ሁለተኛው ከልክ በላይ መብሰል ነው። እንቁላሉ የሚረጋው 80 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ብዙ ሲያልፍ ይኮማተርና የያዘውን ውሃ ይተፋዋል። እርጎ በእሳት ላይ ሲቆይ አይብና አጓት እንደሚለየው ማለት ነው። ጠርዙ ጸንቶ መሃሉ ሲነቀነቅ ገና እንደ ጄሊ እያለ አውጪው። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይረጋል።

ፊደል ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ቀን 8፡25

ይቅርታ፣ ከጋገራው ውጭ ነው። በየቦታው "የበልግ ኬክ"፣ "የበልግ ዱባ" እየተባለ ሲጻፍ አያለሁ። በልግ እኛ ጋ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ነው! የፈረንጁን ቅጠል መርገፊያ በልግ ያለው ማን ነው? የኛው መጸው አለ አይደለም እንዴ፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አብቦ፣ እሸት የሚበላበት። የነሱ ቅጠል ሲረግፍ የኛ አበባ ይፈካል። ወሩ አንድ ነው፣ ነገሩ ግን ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል።

አያ ደምበጫ | ረቡዕ፣ ቀን 8፡31

እኔም እኮ ያልኩት ይኼንኑ ነው። ዱባና ቅል።

ጣና ዳር | ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ፊደል ቆጣሪ ልክ ነህ፣ አሁን ወደ ሊጡ እንመለስ።

ለጋ ቅቤ ችግር የለውም። የተነጠረውን ብቻ እንዳትነኪ፣ ፓይሽ ኮረሪማና ኮሰረት ኮሰረት ይላል። ግን ለጋ ቅቤ አጓት ያዝላል። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ ደጋግመሽ ጭመቂው፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አስገብተሽ ድንጋይ ይሁን። 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 115 ግራም ቅቤ፣ ቁንጥር ጨው። ቅቤውን በቢላ ከትፈሽ ዱቄቱ ውስጥ በጣትሽ ጫፍ ፈርፍሪው። ሙሉ በሙሉ እንዳይጠፋ። አተር አተር የሚያህል ቅቤ ይታይሽ። 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ በረዶ የመሰለ ውሃ ጨምረሽ ሰብስቢው። እንደ ዳቦ አታሺው! የዳቦ እጅ ያለው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ አሽቶ አሽቶ ጫማ ያደርገዋል። ያ አተር የሚያህል ቅቤ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ንብርብር አድርጎ ያነሣዋል። ቀድሞ ከቀለጠ ግን ዱቄቱ ይጠጣውና ይሞታል።

ሊጡን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳርፊው። ዳምጠሽ መጋገሪያው ላይ አንጥፊው፣ ታቹን በሹካ ወጋ ወጋ አድርጊው። የመጋገሪያ ወረቀት ላዩ ላይ አድርገሽ ጥሬ ሽምብራ ሙዪበት። አዎ፣ ሽምብራ። እንዳይነፋ ይጫነዋል። በ200 ዲግሪ 15 ደቂቃ ጋግሪው፣ ሽምብራውን አንሺ፣ ሌላ 5 ደቂቃ። ትኩስ እያለ የተመታ እንቁላል በጣም ሳሳ አድርገሽ ቀቢው። ያ ቀለም ሳይሆን ግድግዳ ነው፣ እርጥበት አያሳልፍም። ያ ሽምብራ ለሌላ ቀንም ያገለግላል፣ ወጥ ውስጥ ግን አትክተቺው።

ከዚያ ዱባውን ሙዪ። በ220 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ ወደ 175 ዝቅ አድርገሽ ሌላ 40 ደቂቃ ገደማ። የጮቄን ጭማሪ አስቢበት።

ለውዙ መጨረሻ 20 ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚገባው። ቀድሞ ከገባ ወይ ይሰምጣል ወይ ያራል። ያንቺ ደግሞ የተቆላ ነበር፣ ሁለተኛ ጊዜ ነው የቆላሽው! ጥሬውን ወይም ገና ገርጣ እያለ ከምጣድ የወረደውን ውሰጂ። 100 ግራም ለውዝ፣ ደቀቅ ሳይል ተከትክቶ። 80 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም ዱቄት፣ 60 ግራም ቅቤ። በእጅሽ ፍርፍር አድርጊው። የዱባውን ፍሬ አጥበሽ አድርቀሽ ቆልተሽ ፈልፍለሽ እፍኝ ጨምሪበት። አረንጓዴው ላዩ ላይ ሲታይ የሱቅ ይመስላል። ሰሊጥም አይጠላም።

ቀፎ ሰቃይ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

ዳንግላ ነኝ። በጥቅምት፣ በጎጃም ምድር፣ ስለ ጣፋጭ ይህን ሁሉ ተነጋግራችሁ ማር የሚባል ቃል አልወጣችሁም። አደይና መጭ አብቦ ንቡ ቀፎውን እየሞላ ስኳር? ለውዙን በማር ለውሱት ወንድሞቼ! ቆሎ በማር በልታችሁ አታውቁም?

ጣና ዳር | ረቡዕ፣ ማታ 2፡44

ወንድሜ፣ ማር ውስጡ ይግባ እንጂ ላዩ ላይ አይሆንም። ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ማታ ቀጭ ያለው ጠዋት ጥርስ ላይ ይለጠፋል። ቶሎም ያራል።

ቀፎ ሰቃይ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

የሱቅ ማር ይሆናላ። እሱ ከስኳር ተጠምቆ ነው የሚመጣው።

ጣና ዳር | ረቡዕ፣ ማታ 2፡58

ንጹሑም ነው። ሞክሬዋለሁ፣ በዳንግላ ማር ነው የሞከርኩት። ጣዕሙን አልክድም። ግን አይንኮሻኮሽም፣ ደንበኛዋ ደግሞ ያዘዘችው የሚንኮሻኮሽ ነው።

ቀፎ ሰቃይ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡02

ውስጡ ይግባ እሽ። ግን እዚህ ላይ ማሩ እንደተገፋ ይመዝገብልኝ።

የማርቆሷ ጋጋሪ | ሐሙስ ጥቅምት 6፣ ማታ 1፡15

ሁለተኛው ሙከራ። ተቀመጡ።

ነጠላው ከሥሩ አንድ ሙሉ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ጣለ። ብርቱካን ከለር ያለው ውሃ። ደነገጥኩ። ዱባው ማንኪያ አቆመ። ከስኳሩ ግማሹን በማር ተካሁት (ቀፎ ሰቃይ፣ ይኸው)። ሽምብራውን ሊጥ ላይ ስዘረግፍ አማቴ ገብተው አዩኝ፣ ምንም አላሉም፣ አማትበው ወጡ።

ሥሩ ደረቀ! ቢላ ስከትበት ቅርፊቱ ሲሰበር ድምፅ ሰማሁ። መሃሉ ለስላሳ፣ ሳይሰነጠቅ፣ ውሃ የለ ምን የለ። ባሌ ሁለት ቁራጭ በላ። ከዚያ "ማክሰኞ ግን ዝም ያልኩት ላለማስከፋት ነው" አለኝ። ጉድ እኮ ነው።

አንድ ችግር ቀረኝ። ለውዙ ሲወጣ ግሩም ነበር፣ 20 ደቂቃው ልክ ነው። ግን ክዳን ከድኜ አስቀምጬው ከሦስት ሰዓት በኋላ ሳየው ልሟል። ለእሑድ ምሳ ቅዳሜ ነው የምጋግረው። ያኔ ለውዙ ምን ሊሆን ነው?

ቡሬ ተወልዶ ቨርጂኒያ | ሐሙስ፣ ሌሊት 5፡40

በሙቀቱ አትክደኚው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ለውዙ ላይ ነው የሚያርፈው። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገልጦ ይቀዝቅዝ።

እኔ ግን የማደርገው ሌላ ነው። ለውዙን ከፓዩ ጋር አልጋግረውም። ለብቻው ትሪ ላይ አነጥፈውና በ175 ዲግሪ 12 ደቂቃ ያህል፣ መሃል ላይ አንዴ ገልበጥ አድርጌ አወጣዋለሁ። ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። በጣሳ አስቀምጬ ሊበላ ሲል እበትናለሁ። ከጎረቤቶቼ ጋር በዚህ ነገር ተጣልተናል፣ አንዷ "አብሮ ካልተጋገረ ፓይ አይባልም" ትላለች። አብሮ ሲጋገር ከዱባው ጋር ይያያዛል፣ እሱም ደስ ይላል። ግን ላደረ ፓይ የኔ ይሻላል።

ጣና ዳር | ዓርብ ጥቅምት 7፣ ጠዋት 2፡10

ሁለቱንም አድርጊ። ግማሹን መጨረሻ 20 ደቂቃ ላይ፣ ግማሹን ለብቻ ቆልተሽ በፌስታል ቋጥረሽ ስጫት። ሆቴል ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ማንም አይነግርሽም እንጂ።

ባለ ዶርሙ | ዓርብ፣ ቀን 6፡30

ኦቨን የሌለንስ? ባሕር ዳር ተማሪ ነኝ፣ ያለኝ አንድ መጥበሻ ነው። የምሬን ነው።

ጣና ዳር | ዓርብ፣ ቀን 7፡00

ሊጡን እርሳው። ብስኩት ፈርፍረህ ብርጭቆ ታች ጥቅጥቅ አድርግ። ዱባውን በወተትና በስኳር እሳት ላይ እያማሰልክ አወፍረው፣ 1 ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ወተት በጥብጠህ ጨምርበት። ብርጭቆው ላይ ገልብጠው። ለውዙን ከስኳርና ከትንሽ ቅቤ ጋር መጥበሻው ላይ እያማሰልክ ስኳሩ ቀልጦ ሲይዘው አውርደህ በትንበት። ፓይ አይደለም፣ ግን ለዶርም ሠርግ ነው።

የሞጣዋ እቴቴ | ዓርብ፣ ማታ 1፡00

ሆድዬ፣ አንድ ነገር ሳልነግርሽ። ቅዳሜ መብራት ቢሄድብሽስ? ከሰል አዘጋጂ። ድፎ ትጋግሪ የለም? እሳት ከሥርም ከላይም። ሥሩን ቀለል አድርጊው፣ ፍሙ የተበተነ ይሁን እንጂ አንድ ቦታ አይከመር። ላዩ ላይ ግን ክዳኑ ጠርዝ ጠርዙን ፍም ያዥበት። መሃሉን ባዶ ተዪው። ለውዝሽ አያርም።

የማርቆሷ ጋጋሪ | እሑድ ጥቅምት 9፣ ማታ 2፡20

እቴቴ፣ እርስዎ ነቢይ ነዎት ወይስ የመብራት ኃይል ሰው?

ቅዳሜ ከሰዓት ፓዩን በ220 አስገብቼ ወደ 175 ዝቅ አድርጌ ገና 18 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጭልም። ሰፈሩ ሁሉ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። አስር። ኦቨኑን ሳልከፍት ቆየሁ፣ ሙቀቱ ትንሽ ይይዝልኛል ብዬ። ከዚያ ግን ላብ ላብ አለኝ። ልጄን ጎረቤት ልኬ ፍም አስመጣሁ፣ ከሰሉን አያያዝኩ፣ ትልቁን የዳቦ ድስት አወረድኩ። ከሥሩ ሦስት ጠጠር አድርጌ መጋገሪያውን እሱ ላይ አሳረፍኩት፣ ከድስቱ ታች ጋር እንዳይነካካ። ፍሙን በተንኩት። ክዳኑ ላይ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ፣ እንዳሉኝ። ሩብ ሰዓት ስጠብቅ እጄ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ክዳኑን አንሥቼ ነቅነቅ ሳደርገው ጠርዙ ጸንቷል፣ መሃሉ ይርገበገባል። ለውዙን በተንኩ፣ መልሼ ከደንኩ። መብራት የመጣው ፓዩ ወጥቶ መስኮት ላይ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

አንድ ጎኑ ትንሽ ጠቆር ብሏል፣ አልዋሽም። ያንን ጎን የፌስታሉን ለውዝ በትኜ ሸፈንኩት። ፓዩ ደግሞ ትንሽ የከሰል ጭስ ጭስ ይላል። ይቅርታ ልጠይቃት ተዘጋጅቼ ነበር።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ደወለችልኝ። "ይኼን የጭስ ነገር ምን አድርገሽ ነው ያመጣሽው?" አለችኝ። ልቤ ቆመ። "አሜሪካ እንኳ እንደዚህ አልበላሁም" አለች። ምን ልበላት? ሙያ ነው አልኳት።

እናቷ ግን ላዩን ለውዝ ብቻ ለቅመው በልተው ዱባውን "ይኼስ ለነገ ወጥ ይሆናል" ብለው አስቀምጠውታል።

አያ ደምበጫ | እሑድ፣ ማታ 2፡26

እኚህን እናት አግኙልኝ። እጃቸውን ልስም።

ቡሬ ተወልዶ ቨርጂኒያ | እሑድ፣ ሌሊት 6፡50

እንኳን ደስ አለሽ! ለምስጋና ቀናችን ደግማ ታዝሻለች፣ ተዘጋጂ። የኅዳር ወር ነው፣ የፈረንጆቹ ኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ። ዘንድሮ በኛ ኅዳር 18 ይውላል።

የማርቆሷ ጋጋሪ | ሰኞ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 2፡05

ቀድመህ ተናገርክ። ዛሬ ጠዋት ደውላ ለዚያ ቀን 2 አዘዘች። እኔም "እሽ" አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። ኅዳር 15 ነቢያት ይገባል። ቤተሰቡ በሙሉ ጿሚ ነው። እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። አሁን ደግሞ ምን ላድርግ?

ጣና ዳር | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡30

ሊጡን በሱፍ ዘይት። ኑግ እንዳትሞክሪ፣ ጣዕሙ ሁሉን ይውጠዋል። ለወተቱ ለውዝ ዘፍዝፈሽ ፍጪና አጥልዪ። ለእንቁላሉ ተልባ፦ 1 የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ፣ እስኪያዝለገልግ ተዪው፣ አንድ እንቁላል ይተካል። ለመርጊያ 3 ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምሪበት። የጾም ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም መቅመስ ትችያለሽ፣ ሰበብ የለሽም።

ቀፎ ሰቃይ | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡41

ማርም ጾም ነው። እንዳትረሱ።

የማርቆሷ ጋጋሪ | ሰኞ፣ ቀን 6፡10

ተልባውን አማቴ እወቅጣለሁ ብለዋል። ሽምብራውን ምን እንዳደረግኩት እስኪነገራቸው ግን ሙቀጫውን አላወጣም አሉ።